ላፕቶፔ አርጅቷል፣ ልጠግነው ወይስ በትንሽ በጀት ሌላ ልግዛ?

ሰማያዊ ብዕር
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ግማሹን ብቻ ነግሬያችሁ ግማሽ መልስ ከማገኝ ብዬ ነው። ያለኝ ላፕቶፕ ኮር አይ5 ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ 4ጂቢ ራም፣ 500ጂቢ ሀርድ ዲስክ (ያ የድሮው የሚሽከረከረው)፣ 15.6 ኢንች ስክሪን፣ ዊንዶውስ 10። አሁን አሁን ስከፍተው ዴስክቶፑ እስኪመጣ ሌላ ስራ ሰርቼ እመለሳለሁ፣ ክሮም ላይ ሶስት አራት ታብ ከተከፈተ ስታክ ያደርጋል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ባትሪው ከቻርጀር ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል፣ በግራ በኩል ያለው የስክሪኑ ማጠፊያ ደሞ ተሰንጥቆ በከፈትኩት ቁጥር ፕላስቲኩን ይዞት ይነሳል። ስራዬ ሂሳብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል፣ ፋይሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ ማታ ደሞ በኦንላይን ስለምማር ዙም የግድ ነው። ጌም የለም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የለም። በጀቴ ከአዲሶቹ ረከስ ያሉትን ወይም ደህና ያገለገለ ነው የሚችለው። አንዴ ከገዛሁ ቢያንስ አምስት አመት እንዲያገለግለኝ እፈልጋለሁ። ልጠግነው ወይስ ልግዛ? ከገዛሁስ ምኑን ነው የማየው? ሻጭ ስጠይቅ የሚነግረኝ "ይሄ ፈጣን ነው" ብቻ ነው።

ኬብል
ወንድሜ ምንም አትግዛ። ችግርህ ሀርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ፋይል ፈልጎ እስኪያገኝ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው፣ በቺፕ የሚሰራው ዲስክ) ግን ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደሞ የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሆነ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ገዝተህ በዛው ቦታ አስገባ፣ ራሙን ወደ 8 አሳድግ፣ አበቃ።

ሰማያዊ ብዕር
አመሰግናለሁ፣ እህት ነኝ ግን። ኤስኤስዲ ብቀይር ማጠፊያውና ባትሪውስ?

ኬብል
ይቅርታ እህቴ። ባትሪ ይቀየራል፣ ማጠፊያም ጎበዝ ሰው ካገኘሽ ይሰራል። ሁሉም ተደምሮ ከአዲስ ላፕቶፕ በብዙ ያንሳል።

የማለዳ ጤዛ
ኬብል ስለ ፍጥነቱ ያልከው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ዊንዶውስ 10 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነፃ የሴኪዩሪቲ አፕዴቱ ተቋርጧል። ተጨማሪ አፕዴት ለሚመዘገቡ ሰዎች የተሰጠውም ጊዜ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የሴኪዩሪቲ ቺፕም ይፈልጋል። ስድስተኛ ጀነሬሽን ላይ በጓሮ በር የሚጭኑ አሉ፣ ማይክሮሶፍት ግን ድጋፍ እንደማይሰጥ በግልፅ ተናግሯል። እሷ የምትሰራው የሰው ሂሳብ ነው፣ የሰው የደሞዝ ዝርዝር የሰው የባንክ ቁጥር ያለበት ማሽን ላይ አፕዴት የሌለው ሲስተም ይዞ ኢንተርኔት መግባት ለኔ ልክ አይመስለኝም። ለራስ ፊልም ማያ ቢሆን ዝም እል ነበር።

ነፃ ኮድ
ሊኑክስ ሚንት ጫኚበት፣ ኤስኤስዲ ካለው እንደ አዲስ ይሆናል፣ አፕዴትም በነፃ እያገኘሽ ትቀጥያለሽ። ሊብሬኦፊስ የኤክሴል ፋይል ይከፍታል።

ሚዛን
ነፃ ኮድ እኔም ሊኑክስ እወዳለሁ ግን እኔም የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ልናገር። ፋይል መክፈትና በፋይሉ መስራት ይለያያል። ፓወር ኩዌሪ (ዳታ ከተለያየ ቦታ ሰብስቦ የሚያስተካክለው የኤክሴል መሳሪያ) የምትጠቀም ከሆነ ሊብሬኦፊስ ላይ የለም፣ በቪቢኤ የተፃፉ ማክሮዎችም (ኤክሴል ስራን በራሱ እንዲሰራ የሚያደርጉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አንዳንዶቹ ይሰራሉ አንዳንዶቹ ይሰበራሉ፣ እና የወር መዝጊያ ላይ ማክሮ ሲሰበር የሚቆጣሽ ኃላፊ ሊኑክስ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰማያዊ ብዕር፣ ማክሮ ትጠቀሚያለሽ?

ሰማያዊ ብዕር
ሁለቱንም። ፓወር ኩዌሪ በየቀኑ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ነኝ።

ጠጋኙ
ከመቀጠላችን በፊት አንድ ጥያቄ እህቴ። ታች ፓዱን (ከኪቦርዱ ፊት ያለውን፣ በጣት እንደ ማውስ የሚሰራውን) ነክተሽ እይው፣ ክሊክ ሲደረግ እንደ ድሮው ወደ ታች ይሄዳል? ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪውስ አራቱም እግሩ ይነካል ወይስ ይወዛወዛል?

ሰማያዊ ብዕር
እንዴት አወቅክ? ታች ፓዱ ከሆነ ጊዜ ጀምሮ ክሊክ አልል ብሎኝ ማውስ ነው የምጠቀመው። አሁን ሳየው መሀሉ ትንሽ ከፍ ብሏል። ጠረጴዛ ላይም ይወዛወዛል። እኔ ከማጠፊያው የመጣ መስሎኝ ነበር።

ጠጋኙ
አሁኑኑ አጥፊውና ቻርጀሩን ንቀዪ። ባትሪው አብጧል። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ባትሪው እንደ ትራስ ይነፋና ከላይ ያለውን ታች ፓድ ከታች ያለውን ክዳን ይገፋል። የአንቺ ማጠፊያም ምናልባት በዚሁ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ ብዙ ማጠፊያ ፕላስቲክ ላይ በተቀበሩ ብሎኖች ስለሚታሰር በራሱም ይሰነጠቃል። ያበጠ ባትሪ ከተወጋ፣ ከታጠፈ ወይም ቻርጅ መደረጉ ከቀጠለ እሳት ሊነሳበት ይችላል። እንዳትጫኚው፣ ታች ፓዱን ወደ ቦታው ልመልስ ብለሽ እንዳትገፊው፣ አልጋ ወይም ወረቀት ላይ እንዳታስቀምጪው። የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ያውጣልሽ፣ ከወጣ በኋላም ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ ያገለገሉ ባትሪዎች ለሚቀበል ቦታ ነው የሚሰጠው። አብዛኛው ላፕቶፕ ባትሪው ወጥቶ በቻርጀር ብቻ ይሰራል፣ ስለዚህ ፋይሎችሽን እስክታወጪ ያደርስሻል።

ኬብል
ጠጋኙ ልክ ነህ፣ እኔ ይሄን አላሰብኩትም። እንደዛ ከሆነ ባትሪ፣ ማጠፊያ፣ ኤስኤስዲ፣ ራም፣ ከዛ ሁሉ በኋላ ደሞ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ፕሮሰሰር። ሌላ ይገዛ።

ሰማያዊ ብዕር
ጠፍቷል፣ ተነቅሏል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደንግጫለሁ በእውነት። ነገ አስወጣዋለሁ። እሺ ግዢው ተወሰነ፣ እንግዲህ ምን ልይ?

ጠጋኙ
የኔ መለኪያ አንድ ናት። ከገዛሽ በኋላ ልትቀይሪው በማትችዪው ነገር ላይ ገንዘብሽን አውጪ፣ በሚቀየረው ላይ ቆጥቢ። ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይቀየርም። ስክሪን ይቀየራል ግን ውድ ነው። ኪቦርድና ማጠፊያ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው። ኤስኤስዲ ግን በአብዛኛው በአንድ ብሎን ወጥቶ ሌላ ይገባል፣ ስለዚህ 256ጂቢ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ጥሩ የሆነ ማሽን 1 ቴራባይት ሆኖ ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነው ይሻላል። ሻጮች ግን የሚያሳዩሽ የስቶሬጁን ትልቅነት ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ይታያል።

ራም ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ አንዳንዱ ይቀየራል አንዳንዱ የተበየደ ነው። የተበየደ 8ጂቢ ከሆነ ላፕቶፑ እስኪሞት 8 ነው፣ ግራፊክሱም ከዛው ላይ ይቆርሳል። አምስት አመት፣ ትልቅ ኤክሴል፣ ዙም እየተከፈተ ከሆነ 16 ያስፈልግሻል፣ ወይም ዛሬ 8 ሆኖ ባዶ ስሎት ያለው።

ከምንም በላይ ደሞ ኢኤምኤምሲ የሚል ስቶሬጅ (ከኤስኤስዲ የሚዘገይ ርካሽ አይነት) ያለውን አትንኪ። ርካሽ የሆኑት ላይ 64 ወይም 128ጂቢ ኢኤምኤምሲ ሴሌሮን ከሚባል ባለ ሁለት ኮር (ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስራውን የሚሰራው ክፍል ነው) ደካማ ፕሮሰሰርና ከ4ጂቢ ራም ጋር ይመጣል። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ከአሮጌው ላፕቶፕሽ ብዙም አይሻልም፣ 64 የሆነው ደሞ ዊንዶውስ ራሱ ሞልቶት አፕዴት የሚወርድበት ቦታ ያጣል።

የማለዳ ጤዛ
ስለ ፕሮሰሰር ስም ልጨምር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። "አይ5 ነው" "ራይዘን 5 ነው" ብቻ ሲሉሽ አትቀበዪ፣ ሙሉውን ቁጥር ጠይቂ። ለምሳሌ ራይዘን 5 7520ዩ እና ራይዘን 5 7530ዩ አሉ። በስም አንድ አይነት ይመስላሉ፣ ግን ሶስተኛዋ ቁጥር ናት ትውልዱን የምትናገረው። 7520ዩ ዜን 2 ነው፣ ያ ዲዛይን የ2019 ነው፣ አራት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ ራሙም የግድ የተበየደ ነው ምክንያቱም ቺፑ ሌላ አይነት ራም አይቀበልም። 7530ዩ ግን ዜን 3 ነው፣ ስድስት ኮር። በኢንቴልም እንደዛው፣ የአስራ ሁለተኛ ጀነሬሽን አይ3 1215ዩ ሁለት ጠንካራ ኮርና አራት ትንንሽ ኮር አለው፣ የድሮ የስድስተኛና የሰባተኛ ጀነሬሽን ስማቸው በዩ የሚያልቅ አይ5ዎች ሁሉ ሁለት ኮር ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አይ3 ስለተባለ አትናቂው፣ አይ5 ስለተባለም አትዘዪ። ኤን100 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰርም አራት ትንንሽ ኮር ብቻ ነው ያለው፣ ለብራውዘርና ለቀላል ፅሁፍ ጥሩ ነው፣ ለአንቺ ግን አልመክርም።

ቀጥታ መስመር
አዲስ ለምን? ከካምፓኒ የወጡ ያገለገሉ እኮ አሉ። ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ላቲቲዩድ 7490፣ ሁሉም በስምንተኛ ጀነሬሽን ይገኛሉ (ሰባተኛ የሆኑም ስላሉ አረጋግጪ)፣ ስምንተኛ የሆኑት ዊንዶውስ 11 ይቀበላሉ፣ ኪቦርዳቸው ከርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ኪቦርድ ጋር አይወዳደርም፣ ማጠፊያቸው ብረት ነው። ቲ480 ደሞ ሁለት የራም ስሎት አለው፣ ከኋላ የሚነቀል ባትሪም አለው። በዛው ብር ፕላስቲክ ከመግዛት።

ጠጋኙ
ቀጥታ መስመር የጠቀስካቸው ማሽኖች ጥሩ ናቸው፣ እኔም ለሰው ብዙ ጊዜ እመክራቸዋለሁ፣ እሷ ግን አምስት አመት ነው ያለችው። ስምንተኛ ጀነሬሽን ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው የመጨረሻው ደረጃ ነው፣ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። ያገለገለ ከሆነ ወደ አስረኛና አስራ አንደኛ ጀነሬሽን ወይም ራይዘን 4000 ከፍ በዪ፣ ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ14 ጀነሬሽን 1። በአካል ሄደሽ ሳታዪ ደሞ አትክፈዪ። ስታዪው ኢንተርኔት ጋር አገናኝተሽ ከዜሮ ሴትአፕ ይደረግ በይ፣ የአንድ ድርጅት ኢሜይልና ፓስዎርድ ከጠየቀ አሁንም የድርጅቱ ማሽን ነው፣ ትተሽው ሂጂ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ግቢ፣ ፓስዎርድ ከጠየቀም እንደዛው። የባትሪ ሪፖርት አስወጪ፣ እዛ ላይ ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ይፃፋል፣ ከስድሳ ፐርሰንት በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ አስቀንሺ። ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ነፃ ፕሮግራም የኤስኤስዲውን ጤንነት እዪ። ካሜራና ማይክ ሞክሪ፣ ተማሪ ነሽና።

ሚዛን
ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ፣ የቁጥር ሰሌዳው! እነዚህ 14 ኢንች የሆኑት ሁሉ በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ኪቦርድ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ይሄን ሳያይ ከገዛ በየቀኑ ነው የሚናደደው። 15.6 ኢንች ከሆኑት አብዛኞቹ አላቸው፣ ግን ሁሉም አይደሉም፣ ፎቶውን እዪ። 14 ኢንች ከወደድሽ ለብቻው በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ይሸጣል።

ስክሪኑም 1920 በ1080 መሆን አለበት። አሁንም 1366 በ768 የሆኑ አዲስ ርካሽ ላፕቶፖች አሉ። የፒክስሉ ብዛት ግማሽ ያህል ነው፣ ኤክሴል ላይ ይሄ ማለት ብዙ ሮውና ኮለም አይታይሽም፣ ቀኑን ሙሉ ስክሮል ማድረግ ነው። የስክሪኑ አይነትም አይፒኤስ ይሁን ደሞ። ቲኤን ከሆነ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ኋላ ስታዘነብዪው ቀለሙ ይገለበጣል፣ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ከጎንና ከላይ እዪው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኦፊስ ስትጭኚ ባለ 64 ቢቱን ጫኚ። ባለ 32 ቢት ኤክሴል ራሙ 16 ቢሆንም በጣም ትንሹን ብቻ ነው መጠቀም የሚችለው፣ ትልቅ ፋይል ላይ ሜሞሪ አልቋል ይልሻል።

አፕል ወዳድ
ያገለገለ ማክቡክ ኤር ኤም1ስ? ፋን የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ባትሪው ቀኑን ያውላል።

ሚዛን
ለሌላ ሰው እሺ። ማክ ላይ ያለው ኤክሴል ግን ፓወር ፒቮት (ትልልቅ ዳታ የሚተነትነው መሳሪያ) የለውም፣ ራሙም በኋላ አይጨመርም። የሂሳብ ሶፍትዌሮችም ብዙዎቹ ለዊንዶውስ ብቻ ናቸው።

የማለዳ ጤዛ
በዚሁ አጋጣሚ ስናፕድራጎን የሚል የዊንዶውስ ላፕቶፕ ካየሽም ቆም በይ። ባትሪያቸው ይቆያል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ሌላ አይነት ነው፣ አርም ነው። ተራ ፕሮግራሞችን አስመስሎ ያስኬዳል፣ ድራይቨር ግን ማስመሰል አይቻልም። የድሮ ፕሪንተር ወይም በዩኤስቢ ቁልፍ የሚከፈት የሂሳብ ፕሮግራም ካለሽ ላይሰራ ይችላል።

ሰማያዊ ብዕር
በዩኤስቢ ቁልፍ የሚከፈት አለን! ጥሩ ነገር ነገራችሁኝ። ባትሪው ዛሬ ወጣ፣ ሰውየው ሳይቀር ደነገጠ። ፋይሎቼን በቻርጀር እያስኬድኩ እየገለበጥኩ ነው።

ሁለት አዲስ አግኝቻለሁ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንደኛው ራይዘን 5 7520ዩ፣ 16ጂቢ ራም፣ 512ጂቢ ኤስኤስዲ። ሁለተኛው ኮር አይ3 1215ዩ፣ 8ጂቢ ራም፣ 256ጂቢ ኤስኤስዲ። ሁለቱም 15.6፣ የቁጥር ሰሌዳ አላቸው። ሻጩ ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን ነው የሚለው። እኔም ቁጥሩን ሳየው ወደዛ ነው የሚጎትተኝ።

ኬብል
16 እና 512 እያለ ምን ያጠራጥራል? ራም ደሞ ከ2025 መጨረሻ ወዲህ በጣም ተወዷል፣ ፋብሪካዎቹ ለኤአይ ሰርቨር ነው የሚያመርቱት። በኋላ እጨምራለሁ ብላ ብትገዛ ያኔ የበለጠ ውድ ቢሆንስ?

ጠጋኙ
የራሙ ነገር እውነት ነው፣ ቀላል አይደለም። ግን እንየው። የመጀመሪያው ራሙ 16 ስለሆነ ለአምስት አመት ይበቃል፣ ይሄ ጥቅሙ ነው፣ የተበየደ መሆኑም ስለዚህ አይጎዳም። ድክመቱ ኮሩ ነው። ኤክሴል ላይ ብዙ ስራ በአንድ ኮር ፍጥነት ነው የሚወሰነው፣ ማክሮ ሲሮጥ በተለይ፣ እና የአይ3ው ጠንካራ ኮር ከዜን 2 በግልፅ ይበልጣል። ይሄ ደሞ የማይቀየረው ነገር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ባዶ የራም ስሎት ካለው እሱን ውሰጂ፣ ባዶ ስሎት ከሌለውና 8ቱ የተበየደ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን። ሱቅ ውስጥ ታስክ ማናጀር ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሜሞሪን ስትጫኚ ስንት ስሎት እንደተያዘ ይፅፋል። አንዳንዴ የተበየደውንም እንደ ስሎት ስለሚቆጥረው ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ፅፈሽ ላኪልኝና ማኑዋሉን አይልሻለሁ።

ቀጥታ መስመር
ስክሪናቸውንም ጠይቂ። እኔ አሁንም ያገለገለ ነው የምለው ግን ምርጫሽን አከብራለሁ።

ሰማያዊ ብዕር
ሄጄ አየሁ። አይ3ው ሁለት ስሎት አለው፣ አንዱ ባዶ፣ ጠጋኙም ማኑዋሉን አይቶ አረጋግጦልኛል። ስክሪኑን እንዳላችሁኝ ወደ ኋላ አዘንብዬ አየሁት፣ የራይዘኑ ጠቆረ ቀለሙም ተገለበጠ፣ የአይ3ው አልተቀየረም፣ አይፒኤስ ነው። አይ3ውን ገዛሁ። ዋጋ ስላስቀነስኩ በተረፈኝ ላይ ጨምሬ የሁለተኛውን ራም ከአሁኑ አስገባሁ፣ ኬብል የዋጋውን ነገር ስለነገረኝ መጠበቅ አልፈለግኩም። ዊንዶውሱ ግን ከስቶር ውጪ ምንም አላስጭንም አለኝ።

የማለዳ ጤዛ
እንኳን ደስ አለሽ! ኤስ ሞድ (ከማይክሮሶፍት ስቶር ብቻ የሚያስጭን የዊንዶውስ አይነት) ላይ ነው የመጣው። ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን ላይ ግቢና ከኤስ ሞድ ውጪ፣ በነፃ ነው፣ አንዴ ከወጣሽ ግን ተመልሶ አይገባም፣ አያስፈልግሽምም። ዲስኩ በራሱ ኢንክሪፕት ተደርጎ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተቆልፎ) ሊሆን ስለሚችል የሪከቨሪ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ ላይ አሁኑኑ ገልብጠሽ ወረቀት ላይ ያዢው። ባዮስ አፕዴት ሲደረግ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ሊጠይቅሽ ይችላል፣ ያኔ ቁልፉ ከሌለሽ ፋይልሽ አይከፈትም።

ሰማያዊ ብዕር
ወጣሁ፣ ቁልፉንም ፃፍኩ። የመጨረሻ ጥያቄ። አሮጌውን ለመለዋወጫ የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሀርድ ዲስኩንስ ምን ላድርገው? የደንበኞች ፋይል ነበረበት።

ጠጋኙ
ዲስኩን አውጥተሽ አስቀሪው፣ ላፕቶፑን ያለ ዲስክ ስጪ። ዲሊት ማድረግም ሆነ ፈጣን ፎርማት ፋይሉን አያጠፋውም፣ የቦታውን ስም ብቻ ነው የሚያነሳው፣ በነፃ ፕሮግራም መልሶ የሚያወጣው ሰው አይጠፋም። ለ2.5 ኢንች ዲስክ የሚሆን ባለ ዩኤስቢ መያዣ ገዝተሽ ኤክስተርናል አድርጊው። መጀመሪያ ግን ክሪስታልዲስክኢንፎ ጤንነቱን ምን እንደሚል እዪ። ጥሩ ካለ ሁለተኛ ባክአፕ ይሁንሽ፣ ብቸኛ ባክአፕ ግን አታድርጊው፣ እድሜው ሄዷል። ማስጠንቀቂያ ካለው ደሞ ፋይሎቹ አዲሱ ላይ መኖራቸውን አረጋግጪና ሙሉ ፎርማት አድርጊው፣ ፈጣን የሚለውን ምልክት አንስተሽ። ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ለቀሽው ተኚ።